ቪትዝን ሱፐርካር ማድረግ፦ ከሻንሲው እስከ ሐረጎ ቁልቁለት

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ደሴ ነው የምኖረው፤ ሙያዬ ብየዳ ነው። በር፣ መስኮትና የጭነት መኪና ስፖንዳ እሠራለሁ። ላምቦርጊኒ የሚመስል መኪና በእጄ መሥራት የልጅነት ምኞቴ ነው። አጎቴ ከኋላ የተገጨች 1.3 ቪትዝ አለችው። ሞተርና ካምቢዮዋ ደህና ነው፤ ውሰዳት ብሎኛል። ውጭ አገር ኪት የሚባል ተገጣጣሚ እንዳለ አይቻለሁ። እሱን ላስመጣ ወይስ ራሴ ልሥራው? ከየት ልጀምር? ታርጋስ ያወጣልኛል? በሩ ደግሞ ወደ ላይ የሚከፈት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ግን አይቻልም። ጥያቄህ ውስጥ ላምቦርጊኒ አለ፣ ታርጋ አለ፣ በር አለ። ሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጽም፣ የለም። ፍሬንም የለም። እንዲህ ያለ ሥራ የጀመሩ ብዙዎች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ቦዲውን ይሠራሉ። ፎቶ ይነሳሉ፣ ሰፈሩ ያጨበጭባል። ከዚያ መኪናው አንድ ሜትር ሳይሄድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ይሰፍርበታል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ነው የምመልስልህ። በሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ስለ ኪቱ ልጀምር። ነገሩ እንግሊዝ አገር የተስፋፋው በግብር ምክንያት ነው። ሎተስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨን የምትባል ቀላል መኪና አወጣ። ያኔ ሙሉ መኪና የገዛ ሰው የግዢ ግብር ይከፍላል። ዕቃውን ተፈታትቶ ገዝቶ ራሱ የገጠመ ግን አይከፍልም። ሰዉም በዕረፍት ቀኑ መኪና መግጠም ለመደ። እ.ኤ.አ. በ1973 የግብሩ ሥርዓት ሲቀየር ጥቅሙ ቀረ። ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ሱፐርካር የሚያህሉ ኪቶችም አሉ። አልቲማ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የቱቦ ሻንሲና የፋይበር ቦዲ ይሸጥልሃል። አንተ ከሹፌሩ ጀርባ ትልቅ የሸቭሮሌት ቪ8 ሞተር ትገጥምበታለህ። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ ማክላረን ኤፍ1 የተባለውን መኪናውን ሲያበለጽግ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሞከረው በሁለት የአልቲማ መኪኖች ላይ ነበር። አሜሪካ ያለው ፋክተሪ ፋይቭ ደግሞ ጂቲኤም የሚባል ኪት ነበረው። አብዛኛው ዕቃው ኮርቬት ከምትባለው የሸቭሮሌት ስፖርት መኪና ይወሰዳል።

ሌላም ዓይነት አለ። ፖንቲያክ ፊዬሮ የምትባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1988 የተሠራች የአሜሪካ መኪና ነበረች። ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ ነው። ብዙ ሰው የፋይበር ቦዲ አልብሶ ላምቦርጊኒና ፌራሪ አስመሰላት። ይሄ ልብስ መቀየር ነው እንጂ መኪና መሥራት አይደለም። ጥሩ ኪት ስትገዛ ገንዘብህን የምትከፍለው ለቦዲው አይደለም። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ፣ መሪው ሲታጠፍ፣ ፍሬኑ ሲያዝ ምን እንደሚሆን አስቦና ሞክሮ ለጨረሰልህ ሰው ነው የምትከፍለው። ራስህ ስትሠራ ይህንን ሐሳብ ነው ራስህ የምትከፍለው።

ላስመጣው ወይ ላልከው፣ እኔ አታምጣው ነው የምለው። የውጭ ምንዛሬውን ተወው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ ደንብ መሠረት ተፈታትቶ የሚገባ ዕቃ የሙሉውን ዕቃ ዋና ባሕርይ ከያዘ እንደ ሙሉ ዕቃ ነው የሚቆጠረው። «መለዋወጫ ነው» ብለህ ብትከራከር ሳጥኑ ውስጥ ሻንሲ፣ ቦዲና መሪ ካለ ክርክርህ ደካማ ነው። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከልክሏል። ጅቡቲ የደረሰ ሳጥን ይዞ ከመጨነቅ ቪትዟ ትሻልሃለች። እጅህ ላይ ናት። ዕቃዋም ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቪትዝ ፊቷ ላይ አንድ ጥቅል አላት። ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው) ተጣብቀው በአግድም ተቀምጠዋል። ሁለት ዘንጎች ግራና ቀኝ ወጥተው የፊት ጎማዎችን ያዞራሉ። ይህን ጥቅል እንዳለ አንስተህ ከሁለቱ መቀመጫዎች ጀርባ ብታስቀምጠው የኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ሞተሩ መሐል የሆነ መኪና አገኘህ። የሱፐርካር አቀማመጥ ይሄው ነው። የኔ ፈጠራ እንዳይመስልህ። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣት ኤምአር2 ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የኮሮላ ዘር የሆነ ሞተር ወደ ኋላ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣችው ሎተስ ኢሊስም እንዲሁ ናት። የሮቨር የቤት መኪና ሞተር ነው ከጀርባዋ ያለው። በኋላ የቶዮታ ሞተር ገባላት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ጥቅሉን ወደ ኋላ አንቀሳቅሰው እንጂ አታዙረው። ፊቱ እንደነበረ ወደ ፊት ይቁም። 180 ዲግሪ ካዞርከው ወደ ፊት የምትሄድበት ማርሽ ሁሉ ወደ ኋላ ይሆናል፤ አንዱ የኋላ ማርሽ ብቻ ወደ ፊት ይወስድሃል። የቮልስ ሞተር ወደ መሐል የሚያመጡ ሰዎች የሚገጥማቸው ይህ ነው። እነሱ ዲፈረንሻሉን ከፍተው ትልቁን ጥርስ ወደ ሌላው ጎን በማዛወር ያስተካክሉታል። በቪትዝ ይህ ጣጣ የለብህም።

ሌላው ጣጣ ግን አለብህ። ከጥቅሉ ጋር የሚመጣው የጎማ መያዣ መሪ የሚታጠፍበት ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ መታጠፉን ማስቆም አለብህ። የመሪው ዘንግ በሚያያዝበት ቦታ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ትገጥማለህ፤ ሌላኛውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር ታስራለህ። ፊዬሮ ላይ ፋብሪካው ያደረገው ይህንን ነው። የዚህን ዘንግ ቦታ በዘፈቀደ አትምረጥ። ከታችኛው ክንድ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ርዝመቱም ከእሱ ጋር ተቀራራቢ ይሁን። ካልሆነ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር የኋላው ጎማ በራሱ ይታጠፋል። ሹፌሩ መሪውን ሳይነካ መኪናው መስመር ይቀይራል። ሞላውን አውጥተህ፣ ጎማውን በክሪክ ከታች እስከ ላይ እያንቀሳቀስክ፣ ከቸርኬው ጎን ቀጥ ያለ ጣውላ አስረህ ለካ። አንግሉ ከተቀየረ የዘንጉን መያዣ አዛውረው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ከዚህ መኪና ሥራ ሁሉ ግን እኔ ይህንን ነው በጣም የምወደው።

ለፊቱስ? የቪትዝ የኋላ አክስል መሪ አይታጠፍበትም፤ ስለዚህ ለፊት አይሆንህም። ከሌላ የተጋጨች ቪትዝ ሁለተኛ የፊት ስብስብ ከነመሪው መፈለግ አለብህ። ሁለት ነገር ይገጥምሃል። አንደኛ፣ ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የቆመበት ምሰሶ ረጅም ነው። አፍንጫው እንደ ላምቦርጊኒ መሬት የሚልስ አይሆንልህም። ተቀበለው። ሁለተኛ፣ ያ ሞላ ሞተር ለመሸከም የተሠራ ነው። አሁን ፊቱ ባዶ ስለሆነ መኪናው አንገቱን ቀና አድርጎ ይቆማል። ያኔ አንዱ መጥቶ «ሞላውን ቁረጠው» ይልሃል። የተቆረጠ ሞላ ዝቅ ይላል፤ ግን ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። ጥቅልሉ ባነሰ ቁጥር ሞላው ይደርቃል። ከቀላል መኪና የተገኘ ለስላሳ ሞላ ፈልግ።

ስለ ጉልበት ደግሞ እንነጋገር። የ1.3 ቪትዝ ሞተር ከ87 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም። ያ ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። 65 ያህል ቀረህ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ስትወርድ ትንሽ ይመለስልሃል።

ይሄን ሲሰሙ ብዙዎች ትልቅ ሞተር ወደ መፈለግ ይሮጣሉ። እኔ ክብደት ወደ መቀነስ ሂድ እላለሁ። የመጀመሪያዋ ኢሊስ 725 ኪሎ ገደማ ነበረች፤ ሞተሯም 118 የፈረስ ጉልበት ብቻ። ዝናዋ ግን ዛሬም አለ። አንተም ከ750 ኪሎ በታች ከጨረስክ ከማንኛውም ቪትዝ በተሻለ ትነሳለች፤ መታጠፍ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም። ቀላል መኪና ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ ክንዱም ይቀልለታል። ከባድ መኪና ላይ ጉልበት ስትጨምር ግን የሁሉንም መጠን መጨመር ይኖርብሃል። እና እያንዳንዱን ብረት ከመበየድህ በፊት መዝነው። የእህል ሚዛንም ይበቃል።

ሻንሲው ላይ ሙያህ ይረዳሃል፤ ሊያታልልህም ይችላል። መስኮት ላይ የለመድከው ቱቦላሬ ለዚህ አይሆንም። ብዙው ግድግዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዘህ ገበያ ውጣ። 25 በ25 ሆኖ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ያላነሰውን ምረጥ። ሞተሩና ክንዶቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ 40 በ40፣ ግድግዳው 2 የሆነውን ተጠቀም። ክንድ የሚያያዝበት ጆሮ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሁን። ሻጩ የሚነግርህን ቁጥር ሳይሆን ካሊፐሩን እመን።

ሥራው የሚጀምረው ከጠረጴዛ ነው። ከወፍራም ብረት የተሠራ፣ በውሃ ልክ የተስተካከለ፣ የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ሥራ። ሁሉንም ቱቦ እሱ ላይ አስረህ በነጥብ ብቻ ያዘው። ከግራ የፊት ጥግ ወደ ቀኝ የኋላ ጥግ፣ ከቀኝ የፊት ወደ ግራ የኋላ ለካ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አፍርሰው። ሁሉም ነገር ልክ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳ የምትገባው። እሱንም ከአንድ ጥግ ጀምረህ አትጨርሰው። እዚህ ትንሽ፣ በተቃራኒው ጥግ ትንሽ። አለበለዚያ ሙቀቱ ሻንሲውን ይጠመዝዘዋል፤ ይሄን ከኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ሚግ የሚባለውን ባለ ሽቦ መበየጃ ካገኘህ በጣም ጥሩ። በኤሌክትሮድ ከሆነ 2.5 ያለው ይበቃሃል፤ ቀጭኑን ቱቦ ላለመብሳት ግን እጅህን በቁርጥራጭ ላይ አለማምድ። የበየድከውን ቁርጥራጭ በመዶሻ ሰባብረህ እየው። ብየዳው ሳይሆን ቱቦው ከተቀደደ ደህና ነህ። ብየዳውን በግራይንደር ልጦ ማሳመር ደግሞ የበር ሥራ ልማድ ነው። እዚህ ላይ ተወው፤ ጥንካሬውን ነው የምታነሳለት።

አራት ማዕዘን ሁሉ ሰያፍ ቱቦ ይግባበት። ሰያፍ የሌለው አራት ማዕዘን በጎን ሲገፋ ይዘማል። በጣም የሚያስቸግርህ ቦታ የሰው መግቢያው ነው፤ እዚያ ሰያፍ ማስገባት አይቻልም። በመሐል የሚያልፈውን ዋሻና በሩ ሥር ያለውን ደረት ሰፊና ጥልቅ አድርጋቸው። የላምቦርጊኒ በር ደረት ለምን እንደዚያ ወፍራም እንደሆነ አሁን ገባህ።

ጥንካሬውን በዓይን አትፍረድ፤ ይለካል። የሻንሲውን ኋላ በሁለቱም በኩል አጥብቀህ እሰር። ፊቱን መሐል ላይ ብቻ በአንድ ድጋፍ አስቀምጠው፤ ግራና ቀኝ መወዛወዝ እንዲችል። ከመሐሉ አንድ ሜትር ወደ ጎን የሚወጣ ጠንካራ ብረት አስረህ ጫፉ ላይ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ስቀል። አንድ ኩንታል መሆኑ ነው። ከዚያ ፊቱ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ ግራው ከቀኙ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ለካ። 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ሻንሲህ ለአንድ ዲግሪ ጥምዘዛ 4,000 ኒውተን ሜትር ያህል ይቋቋማል። ለ65 ፈረስ ጉልበት መኪና እኔ በዚህ እረካለሁ። 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ሰያፍ ጨምር። ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ይፈልጋሉ። ሻንሲህን አምጥተህ «ለኩልኝ፣ በኮምፒውተርም አስሉልኝ» ብትላቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ሂድና ጠይቅ፤ ማፈር የለም።

ፍሬን። እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ።

አራቱም ጎማ ላይ የቪትዝ የፊት ዲስክ ልትገጥም ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን እኩል ፍሬን ለፊትና ለኋላ ከሰጠህ፣ ጠንከር አድርገህ ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የቀለለው ኋላ ቀድሞ ይቆለፋል። ኋላው ቀድሞ የተቆለፈ መኪና ይሽከረከራል። የቪትዟ የራሷ ግፊት ማመጣጠኛ ደግሞ ለትንንሽ የኋላ ከበሮዎች የታሰበ ነው፤ ልኩ አይገጥምልህም። ስለዚህ ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይ በእጅ የሚስተካከል የግፊት መቀነሻ አስገባ። እርጥብ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሞከርክ፣ ሁልጊዜ ፊቱ ቀድሞ እንዲቆለፍ አድርገህ አስተካክል። የፊትና የኋላ መስመሮች የተለያዩ ይሁኑ፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይያዝልህ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። የፊት ዲስክ የእጅ ፍሬን የለውም። ወደ ኋላ ስታዛውረው መኪናህ ያለ እጅ ፍሬን ቀረ። ደሴ ላይ ያለ እጅ ፍሬን መኪና አቁሞ ሻይ መጠጣት አይቻልም። የኋላ ዲስክና በገመድ የሚሠራ እጅ ፍሬን ካለው ሌላ መኪና መያዣውን ፈልገህ አስተካክለህ ግጠም።

ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሁለት ሰው የጫነ 900 ኪሎ መኪና እዚያ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 15 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በሞተር ካላገዝከው አብዛኛው ሙቀት ፍሬንህ ላይ ነው የሚያርፈው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ እርጥበት ሲስብ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የሳበው 155 ነው። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ዶት 4 አድርግ፤ በየዓመቱ ቀይረው። ቁልቁለቱን ደግሞ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። አይሱዙ ሹፌሮች የሚያደርጉት ነው፤ ሱፐርካር ነኝ ብለህ አትናቃቸው።

ማቀዝቀዣው ላይ ዋናው ችግር ርቀቱ ነው። ሞተሩ ኋላ፣ ራዲያተሩ ፊት። ውሃው በመሐል ዋሻ በብረት ቱቦ ሄዶ ይመለሳል። የጎማ ቱቦ በሙሉ ርዝመቱ አትጠቀም፤ ይለሰልስና ይጨመቃል። መንገዱ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ሁሉ አየር ይይዛል፤ እዚያ ማስተንፈሻ ቡሎን አድርግ። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እንዳይፈላ የሚያደርግልህ የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ አሮጌ ከሆነ አዲስ ግዛ። እዚህ ላይ መቆጠብ የለም።

የኤሌክትሪክ ገመዱን አትቁረጥ። ከቪትዟ እንዳለ አውጣው፤ እያንዳንዱን ሶኬት ምልክት አድርግበት፤ የሚረዝመውን ብቻ አርዝም። ነዳጅ ታንኩ በመቀመጫውና በሞተሩ መሐል ይሁን፤ በሁለቱም በኩል የብረት ግድግዳ ይኑረው። እሳት ማጥፊያ እጅህ በሚደርስበት ቦታ እሰር።

ኤሌክትሪክ ለምን አላደርገውም የምትል ከሆነ፣ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ደሴም ሆነ ባቲ ጉልበቱ ያው ነው። ሐረጎን ሲወርድ ደግሞ የፍሬኑን ሥራ ተጋርቶ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ግን የአንድ የቤት መኪና ባትሪ 300 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። 300 እና 400 ቮልት ደግሞ አንድ ስህተት ብቻ ነው የሚፈቅድልህ። የሠለጠነ ሰው ከጎንህ ከሌለ ለመጀመሪያ መኪናህ አልመክርህም።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ራቁቱን ንዳው። መቀመጫ፣ ቀበቶ፣ ከጭንቅላትህ በላይ የሚያልፍ ጠንካራ የቱቦ ቀስት፣ ሌላ ምንም። የታጠረ ሰፊ ግቢ ፈልግና ለሳምንታት አንገላታው። ቡሎን ይላላል፣ ውሃ ይፈሳል፣ የሆነ ቦታ ይሰነጠቃል። አሁን ማግኘትህ መልካም ነው፤ ቦዲ ከለበሰ በኋላ እጅህ አይገባም።

ቦዲው ላይ አንተ ከምታስበው በላይ ዕድለኛ ነህ። ካውንታሽ የተባለው ላምቦርጊኒ እ.ኤ.አ. በ1971 ጄኔቫ ላይ ታየ። የነደፈው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው። ቅርጹ ቀጥ ባሉ ጠርዞችና ዝርግ በሚመስሉ ፊቶች የተሠራ ነው። ይሄ ደግሞ በላሜራ ሠራተኛ ቋንቋ መታጠፍና መገጣጠም ማለት ነው። ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚያለብሱ ሰዎች ያሉበት አገር ውስጥ ክብ ክብ የሆነውን አዲሱን ፌራሪ ለመምሰል መድከም ለምን? ጠርዝ ያለው ንድፍ ያዝ። አርማውን ግን አትለጥፍ፤ የሰው ንግድ ምልክት ነው። የራስህን ስም ለጥፍበት።

መጀመሪያ በካርቶን በሙሉ መጠን ሥራው። ከሩቅ ቆመህ ለጥቂት ቀናት እየው። ከዚያ 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ። ስቱኮ ለመጨረሻ ማለስለሻ ነው እንጂ ቅርጽ ማውጫ አይደለም፤ በወፍራሙ የተለጠፈ ስቱኮ በመጀመሪያው ኮብልስቶን ይረግፋል። ፋይበር ግላስ ከመረጥክ ኮምቦልቻ ሥራው። ደሴ ብርድ ነው፤ ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ሬዚኑ፣ ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይደርቅም። ከሬዚኑ ጋር የሚደባለቀው ማድረቂያ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር አድርግ። ማፍጠኛውንና ማድረቂያውን ደግሞ በፍጹም ለብቻቸው አንድ ላይ አትቀላቅል፤ ይፈነዳል። የመኪናው ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይነስ። የኛን መንገድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ታውቃቸዋለህ።

ታርጋ። ይሄ ሻንሲውን ከመቁረጥህ በፊት የሚጠየቅ ነው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። አዲስ ሻንሲ ስትሠራ ያቺ ቪትዝ በወረቀት ላይ ብቻ ነው የምትኖረው። የድሮውን የሻንሲ ቁጥር ቆርጦ አዲሱ ላይ መበየድ የሚመክርህ ሰው አይጠፋም፤ ወንጀል ውስጥ ነው የሚከትህ። ንድፍህን፣ የአጎትህን ሊብሬና የስጦታውን ወረቀት ይዘህ የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። አይሆንም ካሉህ መኪናው ግቢ ውስጥና ኤግዚቢሽን ላይ የሚታይ ሥራ ይሆናል፤ መንገድ ላይ አታወጣውም። ይህንን ከወዲሁ አውቀህ ግባበት። ቦሎ የሌለው ሱፐርካር ፒያሳ ላይ ቢታይ የመጀመሪያ አድናቂው ትራፊክ ፖሊስ ነው።

አሁን በሩ። ወደ ላይ የሚከፈት በር ከባድ ሚስጥር የለውም። ከፊት በኩል አንድ ጠንካራ ማጠፊያ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ አንድ የጋዝ አሞርዛተር። ማጠፊያው የሚያርፍበት ቱቦ ግን የበሩን ክብደት በአንድ ነጥብ ስለሚሸከም ሻንሲውን ስትሠራ አስቀድመህ አጠንክረው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ መኪናው ቢገለበጥ በሩ አይከፈትም። መርሴዲስ ኤስኤልኤስ የተባለችውን፣ በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱትን መኪናውን ሲሠራ፣ ስትገለበጥ ማጠፊያዎቹን በባሩድ የሚበጥሱ ቡሎኖች ነው ያደረገላት። አንተ ባሩድ አትነካም። የጎን መስኮቱን ሰው በሚያሾልክ ስፋት ሥራው፤ ከውስጥ በአንድ እጅ የሚነቀል ፕላስቲክ ይሁን። የጋዝ አሞርዛተሩን የቪትዟ የኋላ በር ላይ ታገኘዋለህ፤ ያ ከግጭቱ ከተረፈ። በሩን ሠርተህ ሳትጨርስ አትግጠመው። ከነመስታወቱና ከነመቆለፊያው መዝነው። 20 ኪሎ ካለፈ አንዱ አሞርዛተር አይችለውም፤ ሁለት አድርግ።